ሰምተናል እያልን ለምናድርበት ፊሽካ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ደረሰ
የነዋሪዎች ምቾትና ደኅንነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አደሩ እላለሁ። ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። በእኛ ሰፈር ሰው ለሰው እንደምን አደርክ መባባል ከተወ ሰነባብቷል፤ መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው መጠየቁ ራሱ ነውር ሆኗል። ስለዚህ ለጎረቤቶቼ ልሰጠው የሚገባኝን ሰላምታ ሁሉ አጠራቅሜ ለእርስዎ ልኬዋለሁ፤ ከሰፈሩ ነዋሪዎች መካከል ማደር የሚባለውን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎትና። ጤናዎ ይብዛ፣ ትራስዎ ይለስልስ፣ በመስኮትዎ ላይ የተሰቀለውንም ሁሉ እግዚአብሔር ከብል ይጠብቅልዎ።

እኔ አልጣሽ እባላለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ከተማችን፣ ከገበያው ጀርባ፣ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ቀሚስ እሰፋለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ፣ መጋረጃ እሠራለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝም በሥራዬ ሳያውቁኝ አይቀሩም። ባለቤቴ ክንዱ ደግሞ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ አንዳንዴም እስከ ጅጋ ድረስ፣ በሚኒባስ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። «የኖረ» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ድፍረት አስነሥቶኝ አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ በር በኩል ያስገባኋቸው አቤቱታዎች ሁሉ «በዕቅድ ተይዟል» የሚል መልስ ይዘው ስለተመለሱና፣ ያንን መልስ የሚሰጡኝ ሰዎች ሁልጊዜ ፈገግ እያሉ ስለሚሰጡኝ፣ ነገሩ ስለታከተኝ ነው። ታከተኝ ማለትም ያንሰዋል። በከፍተኛ አክብሮት ልናገርና፣ አንገሸገሸኝ።

ሰፈራችንን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት ከአንድ ባጃጅ ላይ ባትሪ ተሰረቀ። የሰፈሩ የሌሊት ዘበኛ አያ ባምላኩ በዚያ ዕለት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከግንብ ሥር ኩርምት ብለው፣ ተኝተው ተገኙ። አያ ባምላኩ ዕድሜ የተጫናቸው ሰው ናቸው፤ ጆሯቸውም ከከዳቸው ቆይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወይ ረዳት ይጨምርላቸው ነበር፣ ወይ አመስግኖ ያሳርፋቸው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ከዚያ የላቀ ነገር አሰበና መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት፣ ዘበኛው አለመተኛታቸው እንዲታወቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየዞሩ ያለ ልዩነት በያንዳንዱ ቤት በር ላይ ፊሽካ ይነፋሉ። ዘበኛው በርግጥ መንፋታቸው እንዲታወቅ ደግሞ የቤቱ ሰው ከውስጥ «ሰምተናል» ብሎ ይመልሳል። ዘበኛው መልስ ሳያገኙ ከበሩ አይነሡም፣ ወደሚቀጥለውም ቤት አይሄዱም።

መመሪያውን ያረቀቀው ሰው የአያ ባምላኩን ጆሮ አልጠየቀም። እርሳቸው «ሰምተናል» የሚለውን አይሰሙም። ስለማይሰሙም መልስ እስኪያገኙ ድረስ ይነፋሉ። ስለዚህ የቤቱ ሰው ካልጋው ይወርዳል፣ ያገኘውን ይደርባል፣ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፣ በብርድ ፊት ለፊታቸው ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። ያን ጊዜ እርሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደኅና እደሩ» ብለው ወደ ቀጣዩ በር ያቀናሉ። ደኅና እደሩ የሚሉት ከልባቸው ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ሰፈሩን አዳርሰው ሲጨርሱ እንደገና ከእኛ ይጀምራሉ።

አንድ ሽማግሌ እንዳይተኙ ሲባል ሕፃን፣ አራስ፣ በሽተኛና ሾፌር የሚነቁበት ሰፈር በሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ግን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የቀረበው ነው።

አንደኛ፣ ሌቦቻችንን ከሥጋት ስለገላገሉልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ ሌባ ዘበኛው በየት በኩል ብቅ ይል ይሆን እያለ ሲሳቀቅ ያመሽ ነበር። አሁን ፊሽካው ይነግረዋል። ፊሽካው ከላይ ሰፈር ሲጮኽ እርሱ ከታች ሰፈር በእርጋታ ይሠራል። የፀጉር አስተካካዩ የሚፍታህ የሶላር ሰሌዳ የተወሰደው መመሪያው ከወጣ በኋላ መሆኑን ሳስታውስዎ በታላቅ ትሕትና ነው።

ሁለተኛ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የሚታወቀውን የእንቅልፍ መላ ሁሉ በአንድ ባል ላይ እንድሞክር ስለረዱኝ አመሰግናለሁ። ወተት አሙቄ በማር አጠጣሁት። እግሩን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ አሸሁለት። ተልባ በጠበጥኩለት። ማታ ማታ ቡና ተውን፤ ስልኩንም ከመኝታ ቤት አስወጣሁት። ጆሮውን በጥጥ ደፈንኩለት፤ ፊሽካ ግን ጥጥ የሚያግደው ነገር አይደለም፣ እንዲያውም ክንዱ ጥጡ ውስጥ ያልተነፋውንም እሰማለሁ አለኝ። አልጋችንን በመንገድ በኩል ካለው ግድግዳ አንሥተን ወደ ጓዳ አስገባንና ከጤፍ ጆንያና ከሽንኩርት ቅርጫት ጋር አብረን ተኛን። እኔ ሽንኩርት ሸተትኩ፤ እርሱ አልተኛም።

ጎረቤቶቻችንም ዝም አላሉም። ናጂሃ የምትባል ብልህ ጎረቤት አለችን፤ ትንሽ ልጅ ታጠባለች። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰበሰበችና፣ በየሌሊቱ አንድ ቤት ተረኛ ይሁን፣ ተረኛው ከአያ ባምላኩ ጋር እየዞረ ለሁሉም ቤት «ሰምተናል» ይበል፣ ሌላው ይተኛ አለች። እንዲህ ያለ መልካም ሐሳብ ከሰፈራችን በመውጣቱ ኮርተን ለጽሕፈት ቤትዎ አሳወቅን። ማሳወቃችን ነው ጥፋቱ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ውክልና አይፈቀድም፣ እያንዳንዱ አባወራ ለራሱ በር ራሱ ይመልስ ተባለ። ጽሕፈት ቤትዎ ሳይዘገይ የመለሰው ብቸኛ ጉዳይ ይህ በመሆኑ በመዝገባችን... ይቅርታ፣ መዝገብ የለንም፤ በልባችን ይዘነዋል።

ክንዱ ዓይኑን የሚከድንበት ቦታ ያገኘው ከራሱ ቤት ውጭ ነው። የእህል ነጋዴው ጠሃ የዓይኑን መቅላት አይቶ፣ ቀን ቀን ከምልልስ በሚያርፍበት ሰዓት፣ በመጋዘኑ ውስጥ በበቆሎ ኩንታሎች መካከል ምንጣፍ አነጠፈለት። ሸክም የሚያወርዱትንም ልጆች «ቀስ በሉ፣ ሰው ተኝቷል» ይላቸው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ስለ እንቅልፍ በዚህች ከተማ የተነገረ እውነተኛ መመሪያ ይህ የጠሃ ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን የመናኸሪያ ተራ ሰው እስኪነቃ አይጠብቅም፤ ገና ዓይኑ ከመከደኑ ተራህ ደረሰ ተብሎ ይጠራል። በዚህም ምክንያት መላው ብዙ አልዘለቀም።

ሦስተኛ፣ በአዳራሹ ላዘጋጁልን «የጤናማ እንቅልፍ ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» አመሰግናለሁ። ጥሪው ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወጣቷ የጤና ባለሙያ ያምሮት ግን ደግ ልጅ ናት፤ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሡ፤ መኝታ ቤታችሁ ጨለማና ጸጥ ያለ ይሁን፤ እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ እየተገላበጣችሁ አትታገሉት፤ የሚያሳስባችሁን ነገር ከመኝታ በፊት ለሰው አካፍሉት አለች። «ጸጥ ያለ» ስትል አዳራሹ በሙሉ ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር።

በዚህ መካከል ክንዱ ከጎኔ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለዎት። አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ ትከሻው ወርዶ፣ ፊቱ የድሮውን ፊቱን መስሎ። ከስንት ጊዜ በኋላ ባሌን አየሁት። ያምሮትም አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ እግዚአብሔርን ንግግሯን አርዝምልኝ ብዬ ለመንኩ።

እርስዎም አዩት። አስተናጋጅ ልከው አስቀሰቀሱት። ለመድረኩ ክብር ሲባል ነው አሉ። ስለ እንቅልፍ ትምህርት ሊሰማ ይገባል ተብሎ አንድ የተኛ ሰው በእርስዎ ትእዛዝ ትከሻው ተነቀነቀ። ክንዱም ደንግጦ ብድግ አለና፣ ገና በወጉ ሳይነቃ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እጁን አውጥቶ እያወዛወዘ «ሰምተናል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ፣ ጥርስዎን አይቻለሁ። እኔ አልሳቅኩም። የተነሣውን እጁን ይዤ አወረድኩለት።

አራተኛ የሚባል ነገር ነበረኝ፤ ከአእምሮዬ ጠፋ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ ነው፤ መቀሱን በእጁ ይዞ መቀሱን ይፈልጋል። ትዝ ሲለኝ እጨምረዋለሁ።

አምስተኛ፣ ሰፈራችን «ንቁ ሰፈር» ተብሎ ዋንጫ በማግኘቱ እንኳን ደስ አለዎት። ዋንጫውን እርስዎ ተቀብለው በቢሮዎ መስኮት ላይ እንዳስቀመጡት አይቻለሁ፤ ያማረ ነው። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነዋሪው ያለ አንዳች ግፊት፣ በራሱ ተነሣሽነት ሌሊቱን ነቅቶ ይጠብቃል ብለው ተናግረዋል። በዚያ ሰዓት ከተናገሩበት መድረክ ሥር ከተቀመጥነው ነዋሪዎች ግማሹ እያንቀላፋ፣ ግማሹ ያንቀላፋውን በክርኑ እየጎሰመ ነበር። በራስ ተነሣሽነት መነሣታችን ግን እውነት ነው፤ የሚያነሣን ሌላ ሰው የለም፣ ከአያ ባምላኩ በቀር።

የሚቀጥለውን ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም። ምስጋና የማቅረብ ችሎታዬ እዚህ ላይ ያልቃል።

ክንዱን ከፊሽካው ላርቀው ብዬ ሊበን አካባቢ ገጠር ወደምትኖረው እናቴ ይዤው ሄድኩ። የእናቴ ቤት ከመንገድ የራቀ ነው፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ከብት ሲያመነዥክ ከመስማት በቀር ሌላ ድምፅ የለም። አልጋ አነጠፍንለት፣ ራት በላ፣ ተኛ። እኔም እፎይ ብዬ ተኛሁ። በሌሊት ስነቃ ከጎኔ የለም። በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ማንም በሌለበት ጨለማ ፊት እጁን ያወዛውዛል፤ ቀስ ብሎም «ሰምተናል፣ ሰምተናል» ይላል። እናቴ አማተበችና ልጄን ያገባው ሰው ክፉ ነገር አግኝቶታል ብላ በማግሥቱ ጠበል ወሰደችው። ጠበልተኛው ሁሉ ከየት መጣብህ ብሎ ሲጠይቀው፣ ከጽሕፈት ቤት ብሎ ለመናገር አፈረ። እኔም አፈርኩ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ፊሽካው አሁን ውጭ አይደለም ያለው፣ ባሌ ውስጥ ነው። ነገ መመሪያውን ቀደው ቢጥሉት እንኳ የክንዱን እንቅልፍ ማን እንደሚመልስልኝ አላውቅም።

ከገጠር በተመለስን ሰሞን፣ ሰው ጭኖ ከጅጋ እንደወጣ፣ መሪ እንደጨበጠ ዓይኑ ተከደነ። መኪናው አስፋልቱን ለቆ ከአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ገባ። ዶሮ ይዛ ከኋላው የተቀመጠች ሴት ጮኻ ባትቀሰቅሰው ኖሮ ከማሳው ጥግ ያለው ገደል ይጠብቃቸው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ገበሬው እንኳ የተረገጠ በቆሎውን ትቶ ተሳፋሪውን ውኃ አጠጣ። ክንዱ ግን ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት መለሰና፣ ቤት ገብቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ተኛ ማለቴ ጋደም አለ ለማለት ነው። በዚያ መኪና ውስጥ የሰው ልጆች ነበሩ አልጣሽ አለኝ።

ይህ ወሬ ለጽሕፈት ቤትዎ ደረሰ። ምን ያደርጋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እውነቴን ነው፣ ከልቤ ተስፋ አድርጌ ነበር። መልእክተኛዎ ወደ ቤታችን መጣ፤ ፈገግ ብሎ ነበር። አያ ባምላኩ እንዲያርፉ መወሰኑን፣ በምትካቸውም ባለቤቴ የሰፈሩ ዘበኛ ሆኖ መመረጡን አበሠረን። ምክንያቱ ሲነገረን ነቅቶ የማደር ልምድ ስላለው ነው ተባለ።

ሰውን እንቅልፍ ነሥቶ፣ መተዳደሪያውን አስጥሎ፣ ከዚያ እንቅልፍ ማጣቱን እንደ ሙያ ቆጥሮ ፊሽካውን በአንገቱ ማንጠልጠል እንዴት ያለ አእምሮ የሚወልደው ሐሳብ ነው? ጸያፍ ነገር ብዙ አይቻለሁ፣ እንዲህ በፈገግታ ሲቀርብ ግን ያየሁት አሁን ነው። መልእክተኛውን በጨዋ ደንብ ሸኘሁት። ክንዱ ግን ሥራውን ተቀበለ። መሪ መያዝ ፈርቷል፣ ቁጭ ብሎም መብላት አልሆነለትም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መመሪያውን አንብቦ እንዲረከብ። ሰጡት። ደጋግሞ አነበበው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት። «ሰምተናል» የሚለውን ግዴታ ያንሡልን። ዘበኛ ይዙር፣ ዘበኛ ይጠብቅ፣ ሌባም ይያዝ፤ የተኛ ሰው ግን ይተኛ። ናጂሃ ልጇን በሰላም ታጥባ። አያ ባምላኩም ከሥራ ያረፉት አሁን ነው፤ የሚያርፉበት ሰፈር ጸጥ ያለ ይሁንላቸው። የባሌ እንቅልፍ ከጠፋበት የሚመለስ ከሆነ፣ ሲመጣ ቤታችን በራፍ ላይ ፊሽካ ሰምቶ እንዳይሸሽ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ዋንጫውንም ያስቀሩት።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለሰፈራችን ንቃት ያደረጉትን ሁሉ በየሌሊቱ፣ በየበሩና በየፊሽካው የማስታውስ፣ ያበጠ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሣ እጅ የምነሣዎ፣

የክንዱ ባለቤት፣ የመጋረጃ ሰፊዋ
አልጣሽ

ማሳሰቢያ፦ አራተኛው አሁን ትዝ አለኝ፣ የመጋረጃው ነገር ነው። ለመኝታ ቤትዎ መጋረጃ ሲያዙኝ እንቅልፍዎ ቀላል ስለሆነ ጨርቁ ድርብ እንዲሆን፣ ገበርም እንዲገባበት አሳስበውኝ ነበር፤ መስኮቱንም የለካሁት እኔ ነኝ። ይህን ያህል እንቅልፍን የሚያከብሩ ሰው በመሆንዎ በዚያን ጊዜ ወድጄዎት ነበር። አያ ባምላኩ ፊሽካውን ለክንዱ ሲያስረክቡ፣ በእርስዎ በር ላይ እንዳይነፉና በእግር ጣታቸው እንዲያልፉ በቃል ታዘው እንደነበር ነግረውታል። ባለቤቴ ግን ያነበበው የተጻፈውን ነው፤ የተጻፈው ደግሞ «ያለ ልዩነት» ይላል። ዙሩ ከየት እንደሚጀመር መመሪያው ስለማይናገር፣ ዛሬ ማታ ከእርስዎ በር ለመጀመር ወስኗል። የመኝታ ቤትዎ መስኮት የትኛው እንደሆነም ነግሬዋለሁ። መልስ ሳያገኝ ከበሩ አይነሣም፣ ወደ ሌላም ቤት አይሄድም፤ እርስዎ «ሰምተናል» እስኪሉ ድረስ እኛ እንተኛለን ማለት ነው። ስለዚህ እባክዎ መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ። ደኅና እደሩ።